ጉሮሮዎን ለምን ይከረክርዎታል?

አንባቢ ሆይ! ጥቅምት ከገባ በኋላ በመካነ ሰላም ከተማ ጧት ማልደው ቢያልፉ የሰው ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማሉ። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ጸሓፊ «እህ፣ እህ» ይላል። ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት የሚቸኩለው ተማሪ ደግሞ ከማዶ «እህ» ብሎ የሚመልስለት ይመስላል። ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ያልፋል። በዚህም መልስ የሚከራከረው የለም፤ ብርድ በደጋ አገር ለሁሉ ነገር የሚከሰስ፣ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ነውና።

እኛ ግን ዛሬ ጥቂት እንከራከርለታለን። የጉሮሮ መድረቅና መከርከር ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም፤ የብዙ ነገር ምልክት ነው። ከነዚህም አብዛኞቹ ቀላል ስለ ሆኑ በጥቂት ቀን ራሳቸው ይለቃሉ። ጥቂቶቹ ግን፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ሳይታወቁ ቀርተው የዕድሜ ልክ የልብ ሕመም ያመጣሉ። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ከበሽታው ይልቅ መድኀኒት ተብሎ የሚደረገው ነገር ልጅ የሚገድልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ ከባዱ እንሂድ።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ለጋምቦና ወደ አማራ ሳይንት ደጋ ቢወጡ ብርዱ ይብሳል፤ ጅብራና አስታ በሚበቅልበት በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ አገሬው ደንቆሮ ጫካ በሚለው፣ ከፍታው ከ3,500 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ አየሩም ይደርቃል። ቀዝቃዛ አየር ውኃ የመሸከም ዐቅሙ ትንሽ ነው። ሙቀቱ 0 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር፣ ውኃ የጠገበ ቢሆን እንኳ፣ የሚይዘው ተን 5 ግራም ያህል ነው፤ ሳምባችን ሲደርስ ግን በ37 ዲግሪ ሙቀት 44 ግራም ያህል ይዞ መገኘት አለበት። ጉድለቱን የሚሞላው ማን ነው? የአፍንጫችንና የጉሮሮአችን እርጥብ ሽፋን ነው። አንድ ሰው ሥራ ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ በቀንና በሌሊት 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ስለሚተነፍስ፣ በደረቅ ብርድ ወራት ለዚህ አገልግሎት ብቻ የሚወጣው ውኃ ከአንድ ብርጭቆ አያንስም። እንግዲህ ብርድ ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዋናው ጥፋቱ ግን ማድረቁ ነው።

አፍንጫ ለመልክ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ካለ እዚህ ላይ ልብ ይበል። አየሩን የሚያሞቀው፣ የሚያረጥበውና አቧራውን የሚያጠልለው እርሱ ነው። አፍንጫው የታፈነበት ወይም አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ በጉሮሮው ላይ ይጥላል፤ ጉሮሮ ደግሞ ለዚህ አልተሰናዳም። ስለዚህ ጧት ሲነሡ ጉሮሮዎ ደርቆ፣ ምላስዎ ከላንቃዎ ተጣብቆ፣ ቁርስ በልተው ሻይ ሲጠጡ የሚለቅዎ ከሆነ፣ ምናልባት ሌሊቱን በአፍዎ ሲተነፍሱ ማደርዎ ነው። በዚህ ላይ የደጋ ሰው ብርድ ሲሆን ውኃ አይጠማውም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እስከ ስድስት ሰዓት መዝገብ ሲገለብጥ የዋለ ጸሓፊ ከጧቱ ሻይ በቀር አንዳች አልቀመሰ ይሆናል። ጥማት ባይሰማም ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ወደ ቤት እንግባ። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ እንጨት እየጠፋ ስለ ሄደ ብዙ ቤት ምጣዱን የሚያሰማው በኩበት ነው። የኩበት ጢስ ደግሞ ከደረቅ እንጨት ጢስ ይልቅ ይከፋል። እናት ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት እንጀራ ስትጋግር፣ በጀርባዋ ያለው ልጅም አብሮ ይታጠናል፤ ዓይኗ ሲያለቅስ ሁሉም ያያል፤ ጉሮሮዋና ሳምባዋ መጎዳቱን ግን ማንም አያይም። በከተማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችና አዲስ ተቀጣሪዎችም ሌላ ልማድ አላቸው፦ በከሰል ወጥ ሠርተው፣ ፍሙን ለሙቀት ብለው በተዘጋ ክፍል ያሳድሩታል። ጉሮሮ ማድረቁ የዚህ ነገር ትንሹ ክፋት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይዞት የሄደውንም ሰው ሳይነቃ ያስቀረዋል። ከሰሉን በደጅ ያጥፉት፤ ብርድ ልብስ ይደርቡ።

ጢስን ካነሣን፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከጉሮሮ ጋራ የቆየ ዝምድና እንዳለው ማስታወስ ይገባል። ልማዱ የሚያስታውሰው በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ነው። ያ በሽታ በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በሳል የሚተላለፍ በመሆኑ ጢስ አይገድለውም። ቆሻሻ ማጽዳቱ መልካም ሁኖ ሳለ፣ ማቃጠሉ ግን በማግሥቱ የሚያስለው ብዙ ሰው ነው።

አቧራም የራሱ ወራት አለው። ከኅዳር እስከ ጥር በአውድማ ላይ እህል ሲበራይና ሲነፋ፣ የገብሱና የስንዴው እብቅ በነፋስ ላይ ሁኖ የአጫጁንም የአላፊውንም ጉሮሮ ይጎበኛል። በጠጠር መንገድ ከአውቶቡስ ኋላ የተቀመጠ መንገደኛ፣ በጠመኔ ሲጽፍ የዋለ መምህር፣ ለሃያ ዓመት ያልተነካ መዝገብ የሚያወርድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉም ከዚሁ ማዕድ ይቋደሳሉ። አፍንጫን በነጠላ ጫፍ ወይም በመሐረብ መሸፈን ይረዳል። አቧራው ሲነሣ ከሚያስነጥስዎ፣ ዓይንዎን ከሚያሳክክዎና ውኃ የመሰለ ንፍጥ ከሚወርድዎ ደግሞ ነገሩ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

መምህርን ካነሣን ዘንድ፣ በድምፃቸው የሚያድሩትን ሁሉ እናስብ። ስድሳ ተማሪ በያዘ ክፍል ሙሉ ቀን ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገር መምህር፣ በቅዳሴ የሚያዜም ዲያቆን፣ አዛን የሚያሰማ ሙአዚን፣ በገበያ ቀን የሚጮኽ ነጋዴ፣ የሁሉም የድምፅ አውታር እንደ በገና ጅማት ይደክማል። እንግዲህ «እህ፣ እህ» እያሉ ጉሮሮን መጥረግ ደግሞ ዕረፍት የሚሰጥ ይምሰል እንጂ አውታሮቹን እርስ በርሳቸው እያጋጨ መከርከሩን ያብሰዋል። በዚያ ፈንታ አንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጡ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያት ከሆድ ይመጣል። ቃር የሚያውቅ ሰው ደረቱ ሲቃጠል ያውቀዋል፤ ነገር ግን የጨጓራ አሲድ ደረትን ሳያቃጥል ሌሊት በተኛንበት እስከ ጉሮሮ ድረስ ሊወጣ ይችላል። የዚህ ሰው ምልክቱ ጧት ድምፁ መጎርነኑ፣ አፉ መምረሩ፣ በጉሮሮውም ላይ አንድ የተወተፈ ነገር ያለ መምሰሉ ነው። ሌሊት በአምስት ሰዓት በርበሬው የበዛ ወጥ በልቶ ወዲያው ጋደም የሚል ተማሪ ሐኪም ከመሄዱ በፊት እራቱን ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ፊት ያምጣ፤ ራስጌውንም ከፍ ያድርግ። ሲጋራና አረቄ የሚቀምስ ከሆነ ምክር አያስፈልገውም፤ ጉሮሮው ራሱ ይነግረዋል።

በወሎ ቡናና ጫት ምን ያህል ቦታ እንዳላቸው ለአንባቢ ማስረዳት ቀባሪን ማርዳት ነው። ጫት ምራቅን ስለሚያሳንስ አፍንና ጉሮሮን ያደርቃል፤ ውኃ ሳይጠጣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ ቢከረክረው አያስደንቅም። ቡና አቦሉም ሆነ ቶናው በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከእሳት እንደ ወረደ መጠጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በሰኔ 2008 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ ማናቸውንም መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ሲኒውን ጥቂት ያቆዩት፤ ወሬው ያን ጊዜ ይጣፍጣል።

ስለ መድኀኒቶች በአጭሩ፦ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳልና የጉሮሮ መከርከር ያመጣሉ። ለአለርጂ የሚዋጡ እንክብሎችም አፍ ያደርቃሉ። በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት እንጂ። ከጉሮሮ መድረቅ ጋራ ብዙ ውኃ የሚያስጠማና ሌሊት ለሽንት የሚያመላልስ ከሆነ ደግሞ የስኳር በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አንድ እንግዳ ነገር እንምጣ፤ ለአገራችን ገጠር ግን እንግዳ አይደለም። በምንጭና በወራጅ ውኃ ውስጥ የሚኖር አልቅት አለ። ትንሽ ሳለ እንደ ክር ቀጭን ስለ ሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ከምንጭ የሚጠጣ እረኛ ወይም መንገደኛ ሳያየው ይውጠዋል። አልቅቱም በአፍንጫ ጓዳ ወይም በጉሮሮ ተጣብቆ ደም እየጠጣ ያድጋል። ሰውየው በመጀመሪያ የሚሰማው መከርከር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ይተፋል፣ ድምፁም ይጎረንናል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከጉሮሮና ከማንቁርት አልቅት የወጣላቸው ሕሙማን ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ታትሟል፤ ከነርሱም ደም አንሷቸው ትንፋሽ አጥሯቸው የደረሱ ልጆች ይገኙባቸዋል። የትምባሆ ጢስ መማግ ወይም በጣት መጎርጎር አይበጅም፤ አልቅቱ ተነቅሎ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ቢወርድ ያፍናል። ሐኪም በመሣሪያ አይቶ በወረንጦ ያወጣዋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ውኃውን በነጠላ አጥልሎ፣ ከዚያም አፍልቶ መጠጣት። አንባቢያችን ለበዓል ወደ ወላጆቹ አገር ሲወርድ፣ ወይም ለሥራ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲላክ፣ ይህን ይዞ ይሂድ።

የጉሮሮ ሕመም የሚያመጡ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ቫይረስና ባክቴሪያ። አብዛኛው የቫይረስ ነው። ጉንፋን ሲይዝ በመጀመሪያ ጉሮሮ ይከረክራል፣ በማግሥቱ አፍንጫ ይዘጋል፣ ከዚያ ያስላል፣ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ይሄዳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው የኮቪድ በሽታም በብዙ ሰው ላይ በጉሮሮ መከርከር የሚጀምር ነው። በቫይረስ ላይ አንቲባዮቲክ ኃይል የለውም። እንደዚህ ሁኖ ሳለ፣ ከመድኀኒት መደብር አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተው በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲለቅ ምስጋናው ለእንክብሉ ይሰጣል፤ በሰውነት ውስጥ የቀሩት ባክቴሪያዎች ግን መድኀኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ።

በአንጻሩ አንቲባዮቲክ የግድ የሚያስፈልግበት አንድ የጉሮሮ በሽታ አለ፤ እርሱም ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ይህ ይበልጡን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት አለው፤ ምራቅ መዋጥ ያሳምማል፤ የአንገት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ቶንሲሉ ይቀላል፣ ነጭ ነጭም ነገር ይወጣበታል፤ ሳልና ንፍጥ ግን እምብዛም የለውም። ልጁ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻለዋል፣ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ነገር ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ጕልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተዘዋወረ ያብጣል፣ ትኩሳትም ይመለሳል። ሰው ቁርጥማት ነው ይላል። ይህ ሩማቲክ የሚባለው ትኩሳት ነው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ይጠፋል፤ የልብ በሮች ጠባሳ ግን ይቀራል። ልጅቱ አድጋ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስታረግዝም ልቧ ሁለት ሰው መሸከም ያቅተዋል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ አማካይነት፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተውን የልብ ማዕከል የሚያንኳኩ ብዙ ልጆች በሽታቸው የጀመረው በጉሮሮ ነው። በሺሕ የሚቆጠሩት ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ዓመታት ወረፋ ጠብቀዋል። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው ፔኒሲሊን ቢሰጥ ግን ይህ ትኩሳት ይከለከላል፤ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን እንክብል ይበቃል። የአንዱን ልጅ ልብ ለመጠገን ከሚወጣው ገንዘብ ጋራ ቢያስተያዩት የመርፌው ዋጋ ከምንም አይቈጠርም። መርፌው አለርጂ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ግን በጤና ድርጅት ውስጥ ብቻ ይወጋ። አንድ ጊዜ በሽታው የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመት እንዲወጋ ይታዘዝለታል፤ ወላጆች ልጁ ድኗል ብለው ማቋረጥ የለባቸውም።

ታዲያ የልጁ ጉሮሮ ሲታመም በብዙ ቤት የሚጠራው ማን ነው? «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና እንጥል ቆራጩ ይጠራል። እርሱም ባልተቀቀለ ስለት ወይም በጭራ ቋጠሮ ከላንቃው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ሥጋ ይቆርጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቶንሲሉን በጣቱ ይፍቃል። ሕፃኑ ያለ ማደንዘዣ ይጮኻል፤ ደሙ ያልቆመለት አለ፤ መንጋጋ ቆልፍ የያዘው አለ፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በሚሻገረው ስለት የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። ጉሮሮው ሲታመም እንጥል የሚያብጠው እንደ ሌላው የጉሮሮ ክፍል ስለ ተቈጣ ነው፤ ሕመሙ ሲለቅ እርሱም ይመለሳል። ደግሞም እንጥል ያለ ሥራ አልተንጠለጠለም። ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ያግዛል፤ ቀጭን ምራቅ እያመነጨም ጉሮሮን ያረጥባል። ስለዚህ መከርከር እንዲለቅ ብሎ እንጥሉን ያስቆረጠ ሰው፣ ቢተርፍም፣ ጉሮሮው ከበፊቱ ይልቅ የሚደርቅበት ጊዜ አለ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢዎቻችን ሕጉንም ቢያውቁት መልካም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561፣ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውለቅ ሕፃንን ለሞት ያደረሰ ሰው እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ነገር ግን እናት ልጅዋን ወደ ቆራጩ የምትወስደው በክፋት አይደለም፤ ሌሊት ሲያለቅስ ሰምታ ነው፤ አያቱም ይህንኑ አድርጋ ልጆች ስላሳደገች ነው። እንግዲህ በሰፈሩ ፊደል የቈጠረው ሰው እርስዎ ከሆኑ ቀድሞ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አንቀጹን ከመጥቀስ በፊት ልጁን ተሸክሞ ወደ ጤና ኬላ አብሮ መሄድ ይበልጥ ይሰማል ብለን እናምናለን።

ለማንኛውም ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ መተንፈስ ማስቸገር፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ መዝረክረክ፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ደም መትፋት፣ የአንገት ማበጥ ከብርቱ ትኩሳት ጋራ። ልጁ ክትባት ያልተከተበ ከሆነና በጉሮሮው ውስጥ ግራጫ ሽፋን ከታየ ዘጊ አናዳ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሌሊት እንኳ አይጠበቅም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ፤ የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ማንቁርቱን ያስመርምር።

ከዚህ ውጭ ላለው ተራ መከርከር ቤት ያፈራው ይበቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ሕመሙን ያስታግሳል። የደጋው ጦስኝ በሻይ መልክ ተፈልቶ፣ ዝንጅብል ቢጨመርበትም፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ማታ ሲተኙ አንድ ማንኪያ ማር መላስም ሳልን ያበርዳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ከቶ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት መርዝ ያፈራልና።